እስከዚህች ቀን ድረስ

ሰልሚያ ሸምሶ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አስፈርቷት አያውቅም ነበር። ጉብሬ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለዓመታት ያስተማረችው ይህንኑ ቋንቋ ነው። ከትምህርቱም ሁሉ አብልጣ የምትወደው፣ ተማሪዎቿ ግን እያዛጉ የሚሰሙት፣ ቋንቋው ረጅም ዘመንን የሚሸከምባቸውን ሐረጎች የሚመለከተው ክፍል ነበር። እንግሊዝኛ ሳይለወጥ የኖረን ነገር «የኮረብታን ያህል ያረጀ» ይለዋል፤ መነሻው የጠፋበትን «ከሰው ትዝታ ማዶ የመጣ» ይለዋል፤ በጥቂት በጥቂቱ የሚለወጠውን ደግሞ «በዝግታ፣ ግን በእርግጥ» ብሎ ይሸኘዋል። ይህን የመጨረሻውን ስታብራራ አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ እንደ ካፌው ወረፋ ማለት ነው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፍርሶት ነበር። እሷም ስቃ ነበር። ጊዜ ያኔ የሚሳቅበት ነገር ነበር።

ጓደኛዋ ክርስቲያን የላከላትን ጥናት ማረም የጀመረችው ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ሰማዩ ከወልቂጤ በኩል ጠቁሮ በዋለበት አንድ ከሰዓት ነው። ክርስቲያን የምድርን አፈጣጠር ያጠና ሰው ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ የሚታዩትን የመሬት ስንጥቆች እየዞረ ይመዘግባል። እንግሊዝኛው እንዲቃናለት በየጊዜው ሥራውን ለሰልሚያ ይልካል፤ እሷም ነጠላ ሰረዙን እያስተካከለች፣ የተወላገደውን እያቀናች ትመልስለታለች። ስለ ድንጋይና ስለ አፈር የምታውቀው ከዚህ አያልፍም።

አንዱ ንዑስ ክፍል ስለ ገረዳ ይናገራል። ገረዳ ከቡታጅራ ወደ ቆሼ በሚወስደው አቅጣጫ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ሰልሚያ የተወለደችባት፣ አባቷ እስካሁን የሚኖርባት። ክርስቲያን ይህን አያውቅም። እንዲህ ብሎ ነበር የጻፈው፦ «ነዋሪዎቹ በአንድ ድምፅ እንደሚመሰክሩት፣ ጀፎረውን አግድም የሚያቋርጠው ስንጥቅ ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ እስከዚህች ቀን ድረስ አልተለወጠም። ስለዚህ ከሌሎቹ ቦታዎች ያነሰ ክትትል ይበቃዋል።»

ዓረፍተ ነገሩ እንከን አልነበረበትም። አልፋው ሄደች። ከዚያ ተመልሳ አነበበችው።

ጀፎረ ሁለት ረድፍ ቤቶች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ሰፊ የሣር መስክ ነው፤ የመንደሩ መንገድም፣ አደባባይም፣ መስገጃም፣ የሠርግና የለቅሶ ቦታም እሱ ነው። የገረዳን ጀፎረ ስንጥቁ ያቋርጠዋል፤ ይህ እውነት ነው። ከጥንት የነበረ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ሰልሚያ አሁን በዓይነ ኅሊናዋ የምታየው ስንጥቁን ሳይሆን ከአረፋ በፊት ያሉትን ቀኖች ነበር፤ ጎረምሶች አካፋ ይዘው ሲተራመሱ፣ አባቷ በዱላው እየጠቆመ ሲያዝ፣ አፈሩ ሲደለደልና ከላዩ ሣር ከነሥሩ ሲነጠፍበት። ስልኳን አነሣች።

«ክርስቲያን፣ ገረዳ የሄዳችሁት መቼ ነው?»

«አምና ነው፤ አረፋ ባለፈ በሳምንቱ። ምነው፣ እንግሊዝኛዬ ተበላሸ?»

«እንግሊዝኛህስ ደኅና ነው። ስንጥቁን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ቦታውን አይቻለሁ። ሣር የለበሰ ዝቅ ያለ መስመር ነው። ሽማግሌዎቹን ጠየቅን፤ እንደዚያ አንድ ቃል ሆኖ የመለሰልን መንደር የለም።»

«የሞላ ስንጥቅ ነው ያየኸው። በየዓመቱ ከአረፋ በፊት ይሞሉታል። ያን ሣር ያለበሰው አባቴ ነው።»



«በምንድን ነው የሚሞሉት?»

«እኔ ልጅ ሳለሁ ሴቶች በቅርጫት አመድና አፈር ያመጡ ነበር፤ ይበቃው ነበር። በኋላ የአህያ ጋሪ መጣ። አምና ወንድሜ ገልባጭ መኪና ተከራይቶ አመላለሰ።»

«ሰልሚያ፣» አለ ክርስቲያን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ የሊቅ ድምፅ አልነበረም፤ «ያ ሁሉ አፈር ታዲያ ወዴት ሄደ?»

ከዚያ ረጋ ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። ውሃ ከሥር ይገባል፤ አፈሩን ወደ ጥልቁ ይዞት ይሄዳል፤ የላዩ ንጣፍ ግን እንደ ዳቦ ቅርፊት፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ቆሞ ይቆያል። ሰው ይሄድበታል፤ ከብት ይግጥበታል። አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ይጥላል። ያ ቀን መቼ እንደሆነ የሚያውቅ መሣሪያ የለውም። ለሚመለከታቸው ሰዎች ዛሬውኑ ይደውላል፤ እሱ ራሱ ከበዓሉ በኋላ ይመጣል።

ከበዓሉ በኋላ። ሰልሚያ ስልኩን አስቀመጠች። የመንደሩ ሰው ሁሉ የአረፋን ሰላት የሚሰግደው ጀፎረው ላይ ነው። ወንድሟ ሙዝደሊፋ ከመርካቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ ልጆቹም እንደ እነሱ ጊዜ፣ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ እዚያ ሣር ላይ ይሯሯጣሉ።

በማግስቱ ከጉብሬ ወደ ቡታጅራ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። መኪናው በዓል ሊውሉ በሚሄዱ ሰዎች ታጭቋል፤ አንዲት ዶሮ ከወንበር ሥር ትንጫጫለች፤ ረዳቱ ተሳፋሪውን «ጠጋ ጠጋ፣ ለአረፋ ቂም አይያዝም!» እያለ ይጠቀጥቃል። ሰልሚያ መስኮቱን ተደግፋ ነበር። መኪናው ደጋውን ጨርሶ ቁልቁል ሲዞር ስምጥ ሸለቆው ከነጭጋጉ ተዘረጋ። ስንት ጊዜ ያየችው ነው፤ ስንት ጊዜ «እንዴት ያምራል» ብላለች። አሁን ግን ያየችው ሁለት ወገን ሆኖ የሚጓተት ምድር ነው፤ ማንም ሰው ተወልዶ እስኪሞት የማይሰማው፣ የማይቸኩል፣ የማይደክመው ጉተታ። የኮረብታን ያህል ያረጀ ይላል እንግሊዝኛው። ኮረብታው ራሱ ከተቀደደ ነገር የተረፈ ጠርዝ መሆኑን ያ ሐረግ አይናገርም። መንገዱን እስክትጨርስ ድረስ እግሮቿን ከመኪናው ወለል ትንሽ ከፍ አድርጋ ይዛ እንደነበር የገባት ቡታጅራ ወርዳ ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጥና ጭኖቿ ሲንቀጠቀጡ ነው።

ገረዳ ስትደርስ ሥራው ተጀምሯል። አፈር የጫነ ገልባጭ ጀፎረው ዳር ቆሟል፤ ጎረምሶች ወገባቸውን በሻርፕ አስረው አካፋ ያወዛውዛሉ። አባቷ ሸምሶ፣ ነጭ ኮፍያውን አጥልቆ፣ በዱላው ተደግፎ ከስንጥቁ ጠርዝ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«አሰላሙ ዐለይኩም አባ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም! መጣሽልኝ? ምነው ፊትሽ እንዲህ ገረጣ? መኪናው አንገላታሽ?»

«አባ፣ ዘንድሮ ይህን ነገር አትሙሉት።»

በቅርብ የነበረ አንድ ጎረምሳ አካፋውን ተክሎ ሳቀ። «እትዬ ሰልሚ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጉድጓድ መውደድ ተጀመረ እንዴ? ከመጣሽ አይቀር አካፋ እንኪ እንበልሽ?»

«ዝም በል አንተ፣» አለ ሸምሶ፤ ከዚያ ወደ ሰልሚያ ዞረ። «ምን ማለትሽ ነው?»

የክርስቲያንን ቃል በአማርኛ መልሳ ነገረችው። ጎረምሶቹ አካፋቸውን አቁመው ሰሙ። ስትጨርስ አባቷ ራሱን ነቀነቀ።

«ልጆቼ ከመርካቶ ይመጣሉ፤ የጎረቤቴ ልጅ ከሳዑዲ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ ይህን ሜዳ ሲያስብ የከረመ ሰው፣ ሲመጣ መሬቱ አፉን ከፍቶ ይቀበለው? ጥርሱ የወለቀ ሰው እንኳ እንግዳ ፊት አፉን በእጁ ይከድናል። የጀፎረ ክብሩ ሙሉነቱ ነው።»

«አንድ ዝናብ ብቻ፣ አባ። አንድ ዝናብ እስኪያልፍ ክፍቱን ይቆይና ሰው ሁሉ ይየው።»

ከማዶው ረድፍ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከሰልሚያ እናት ጋር እስከ ዕለተ ሞቷ ማዕድ የተካፈሉ የክርስትና እምነት ተከታይ ጎረቤት ናቸው፤ ሰልሚያን በጀርባቸው አዝለው አሳድገዋታል።

«ስንጥቁን ዛሬ አየሽው እንዴ አንቺ ልጅ?» አሉ ጉንጯን እየሳሙ። «ያኔም እኮ ነበረ! አማቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በርበሬ ተሸክሞ እንደ ዋዛ ይራመደው ነበር። ባለቤቴ እኔን ለማየት ሲመጣ ከሩቅ ተንደርድሮ ይዘለዋል፤ ጉራውን ነው፣ አንድ ቀን ሱሪውን ቀዶታል። ልጄ ደግሞ ሞተሩን ሊያሳልፍ ሳንቃ ጣለበት። ምን አዲስ ነገር አለው? ያው ነው።»

የቆመው ሰው ሁሉ «ያው ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ሰልሚያ አፏን በእጇ ያዘች። አንዱ ተራመደው፤ አንዱ ዘለለው፤ አንዱ ሳንቃ ጣለበት። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሰው «ያው ነው» ብሎ ይደመድማል፤ እየዋሸም አይደለም። በየዓመቱ በዓሉ ሲደርስ ጀፎረው ለጥ ያለ ሜዳ ነበርና፣ ሰዎቹ የሚያስታውሱት ያንን ሜዳ ነው። ክርስቲያን ሲጠይቃቸው የመለሱለትም ያንኑ ነው። እሷስ? «እስከዚህች ቀን ድረስ» የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ አሳምራ አልፋዋለች! ስለ ትናንት ይመሰክራል፤ ዛሬ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ስለ ነገ አንዲት ቃል አልተናገረም። አንባቢው ግን ነገንም የተናገረ ይመስለዋል። ሐረጉም እንደ ሣሩ ነው፤ ይሸፍናል።

ገልባጩ ጭነቱን ደፋው። አፈሩ ወደ ስንጥቁ ሲወርድ ረጅም ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ነበረው፤ ሰልሚያ ድምፁ እስኪቆም ጠበቀች፤ ከሚገባው በላይ ዘገየባት።

ቤት ገብተው ብቻቸውን ሲሆኑ እንደገና ለመነችው። ሰላቱን ሌላ ቦታ እንዲያደርጉት፣ ቢያንስ ሙዝደሊፋ ልጆቹን ቡታጅራ ዘመድ ቤት እንዲያሳድር።

«ለአረፋ የመጡ የልጅ ልጆቼን ከደጄ ልመልስ?» አለ ሸምሶ። አልተቆጣም፤ ድምፁ ደክሞ ነበር። «ሰው ምን ይላል? ሸምሶ አረጀ፣ መሬት ፈራ ነው የሚለው።»

«ይበል!»

«አንቺ ጉብሬ ነው የምትኖሪው ልጄ። እኔ የምኖረው እዚህ ነው።» ከዚያ በክፍቱ በር ጀፎረውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሰልሚያ ያን አተያይ እልከኝነት ነው ብላ አነበበችው።

ያን ቀንና ተከታዩን ቀን ምግብ አልወርድላት አለ። በእግሯ ሥር የምትረግጠው ነገር ሁሉ ተጠራጠራት፤ ወይም እሷ ጠረጠረችው። ከግቢው አጥር እስከ እንሰቱ ተክል ስትሄድ ተረከዟን ሳታሳርፍ ትሄዳለች። ከግድግዳው ሥር በየዓመቱ በጭቃ የሚለሰን አንድ ቀጭን መስመር አገኘች፤ ጣቷን ስታስጠጋ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ወጣ። ለክርስቲያን ደወለች፤ ለቡታጅራ ባለሥልጣናት መልእክቱን ማድረሱን፣ ቢሮዎቹ ግን ለበዓል መዘጋታቸውን ነገራት። «አንቺ አሳምኛቸው፤ የሀገሩ ልጅ አንቺ ነሽ» አላት። ይህ ቃል ከምንም በላይ አስፈራት፤ የሀገሩ ልጅ በመሆኗ ነው የማይሰሟት።

ሙዝደሊፋ የአረፋ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ደረሰ፤ መኪናው እስከ ጣሪያው ተጭኗል። ልጆቹ በሩ ገና ሳይከፈት ዘለው ወርደው ሣሩ ላይ ተበተኑ።

«ፕሮፌሰሯ!» አለ እህቱን አቅፎ። «ደግሞ ምን ተርጉመሽ መጣሽ? አባ በስልክ ነግሮኛል፤ መሬት ሊውጠን ነው አሉ።»

«ሙዜ፣ በአላህ ይሁንብህ አትቀልድ። ልጆቹን ይዘህ ቡታጅራ እደር።»

«ወላሂ ዘንድሮ እኮ ከአምናው እጥፍ ነው ያስሞላሁት። አስፋልት ብታነጥፊበት ይችላል።»

«ለምን እጥፍ አስፈለገ ብለህ ራስህን አልጠየቅህም?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ለአፍታ ደረቀ፤ ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሻንጣውን ሊያወርድ ሄደ።

የበዓሉ ሰንጋ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ጎረቤቶች በጋራ የገዙት፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዓይኑ የቀላ ጥቁር በሬ። አጥብቆ የሚይዘው ጠፍቶ ጎረምሶቹን ወዲያ ወዲህ ሲጎትታቸው ሸምሶ ራሱ ገመዱን ተቀበለ። በሬውን እየመራ ቀጥታ ወደ ተሞላው መስመር ሄደ። ሰልሚያ ከደጃፉ ሆና ስታየው፣ አባቷ ከጠርዙ ላይ ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ ችካሉን አዲሱ አፈር ላይ ተከለ፤ በሬውንም እዚያው አሰረው።

«አባ! ምን ማድረግህ ነው?» እየጮኸች ሮጠች።

«አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ችካል ይቀበላል፣» አለ ሳያያት። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ ልጆቹን ጮኸባቸው፦ «ስሙኝ! ይህ በሬ ይዋጋል! ቀንዱ የሰው ደም የለመደ ነው! እዚህ የደረሰ ልጅ ነገ ሥጋ አይቀምስም!»

ልጆቹ እየተንጫጩ ወደ አጥሩ ሸሹ። ሰልሚያ እጇን አጣምራ ቆመች። ያን ሁሉ ቀን የተናገረችውን በመንደሩ ፊት እንዲህ አድርጎ የመለሰላት መሰላት፤ ያን አንድ ከባድ በሬ፣ እዚያች ቦታ፣ በገዛ እጁ። ዕንባዋን ዋጠች።

ዝናቡ ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ መጣ። መጀመሪያ ከቆሼ በኩል አቧራ ያነሣ ነፋስ፤ ከዚያ ትላልቅ ጠብታ፤ ከዚያ ሰማይና ምድርን አንድ የሚያደርግ ውርጅብኝ። ሰው ሁሉ በየደጃፉ ተጠለለ። የሙዝደሊፋ ልጆች በአባታቸው እግር መካከል አንገታቸውን አውጥተው በሬውን ይመለከቱታል፤ በሬው ጀርባውን ለዝናቡ ሰጥቶ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከሁለቱም ወገን የወረደው ጎርፍ ወደ ጀፎረው መሐል ይሰበሰባል። ሰልሚያ ውሃው እስኪንጣለል ጠበቀች። አልተንጣለለም። ከያቅጣጫው እየሮጠ ይመጣል፤ ሣሩ መሐል ይደርሳል፤ ከዚያ የለም።

«ሙዜ፣» አለች በሹክሹክታ፣ «ውሃውን እየው።»

ሙዝደሊፋ አየ። 

በሬው ድንገት ቀና አለ። ጆሮዎቹን አቆመ፤ ገመዱን አንድ ጊዜ በኃይል ጎተተ። ከዚያ ከሥሩ ያለው ሣር፣ በሰፊው፣ ያለ አንዳች ጩኸት፣ እንደ ምንጣፍ ወደ ውስጥ ታጠፈ። በሬው አልወደቀም፤ ወረደ። ቀንዱ ለአፍታ ከሣሩ በላይ ታየ፤ ቀጥሎ እሱም የለም። የአፈሩ መናድ ከዚያ ከመሐሉ ተነሥቶ እንደሚቀደድ ጨርቅ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሮጠ፤ ነገ የሰጋጆቹ የመጀመሪያ ሰፍ የሚቆምበት ቦታ፣ ልጆቹ ዐሥር ጊዜ የተመላለሱበት ቦታ፣ አንድ በአንድ እየተቆረሰ ገባ። የአጥሩ ጥግ ተከተለ። ሁሉም ጆሮውን ጣለ፤ የበሬው ጩኸት ከሥር ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። የወደቀው ነገር ሁሉ መሬት ሲነካ አልተሰማም፤ የሚሰማው የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሸምሶ ከቤት ወጣ። ኮፍያው ወድቋል፤ አላነሣውም። የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ፣ ሁሉም መልስ እስኪሰጡት ድረስ ጠራቸው፤ መልስ ከሰጡትም በኋላ ራስ ራሳቸውን በእጁ ነካ። ከዚያ ወደ ጀፎረው ፊቱን መልሶ፣ ከዝናቡ በላይ በሆነ ድምፅ፣ ሰልሚያ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ጮኸ፦

«ውጡ! ከሁለቱም ረድፍ ውጡ! ዕቃ አትያዙ! ወደ ትምህርት ቤቱ! ወለተጊዮርጊስ፣ በጓሮ በኩል ውጪ፣ በፊት ለፊት እንዳትመጪ!»

የገረዳ ሰው በጓሮ፣ በእንሰቱ ተክል መሐል፣ እየተንሸራተተ ከመንደሩ ከፍ ብሎ አለታማው ቦታ ላይ ወደተሠራው ትምህርት ቤት ወጣ። ማንም አልቀለደም። ማታ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ሴቶችና ልጆች በዴስኮቹ መካከል ተጠቅልለው ሲቀመጡ፣ ሙዝደሊፋ ጥግ ይዞ መዳፎቹን ይመለከት ነበር። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ደጋግመው አንድ ነገር ይሉ ነበር፦ «ሳንቃ እኮ ጣለበት… ልጄ ሳንቃ ጣለበት…» ዓረፍተ ነገሩ ዛሬ ገና ትርጉሙ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

ሰልሚያ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። 

«አባ፣ በሬውን ለምን እዚያ አሰርከው?»



«ጉድጓድ አለ ቢባሉ ልጆች ሊያዩ ይመጣሉ፣» አለ። «በሬ ይዋጋል ቢባሉ ይርቃሉ።»

አየችው። ችካሉን የተከለው ከጠርዝ ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላት።

«አምነኸኝ ነበር?»

«ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው። ሣሩን ሳነጥፍ እግሬን እዚያ አላሳርፍም፤ ከጎን ሆኜ በዱላ ነው የምገፋው። ማንም አላየኝም። አባቴም እንደዚያ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሰው ሁሉ ቆሞበት እየሰገደ፣ እየጨፈረ፣ እኔ ብቻ ፈራሁ ልበል?» ዱላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «እያንዳንዱ ዓመት ሲያልፍ፣ አልሐምዱሊላህ፣ እስከ ዛሬ ቆሟል እላለሁ።»

እስከ ዛሬ። ሰልሚያ ዓይኗን ጨፈነች። የሰውየው ፍርሃት ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ፣ ከአባት ወደ ልጅ በዝምታ የተላለፈ፣ በየዓመቱ ሣር የሚለብስ ነበር። ቀድሞ አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ኖሮ። እሷም ብትሆን ያደገችው እዚያው ነው፤ አባቷ ለምን በዱላ እንደሚገፋ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

«ለዚያ ለጓደኛሽ ጻፊለት፣» አለ ሸምሶ። «አልተለወጠም ያልነው እኛ ነን፤ የሞላነውም እኛ ነን ብለሽ ጻፊለት።»

«ጠዋት እጽፍለታለሁ።»

«አሁን ጻፊ። ጠዋትን ማን ያውቃል?»

በስልኳ ጻፈችለት። ለዓመታት ያስተማረቻቸው ሐረጎች አንዳቸውም አልመጡላትም፤ ወይም መጥተው ሳለ እጇ አልተቀበላቸውም። በአጭር በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ ማን ምን እንዳደረገ ብቻ ጻፈች። ተራመዱት። ዘለሉት። ሳንቃ ጣሉበት። ሞሉት። ዛሬ ገባ።

ጠዋት ዝናቡ ቆሞ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ወደ ታች ሲታይ ጀፎረው ለሁለት ተከፍሏል፤ የሸምሶ ቤት ደጃፍ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ከስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ጭጋግ ይወጣል። ወንዶቹ ለአረፋ ሰላት እዚያው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ልብሳቸው ጭቃ ነው፤ ከሳዑዲ የመጣው ልጅ ነጭ ጀለቢያ እስከ ጉልበቱ ቡናማ ሆኗል። «አላሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ ተጀመረ፤ ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ ከፍ አላለም፤ ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ቢናገር አንድ ነገር የሚቀሰቅስ ይመስል ነበር።

ሰልሚያ ከሴቶቹ ሰፍ ሆና አባቷን በትከሻዎች መካከል ታየዋለች። ለሱጁድ ሲወርዱ ሁሉም አንድ ላይ ወረዱ፤ እሱ ግን ዘገየ። ጉልበቱን አንጥፎ፣ ግንባሩን ከማሳረፉ በፊት፣ ቀኝ መዳፉን ሣሩ ላይ አስቀመጠና ቀስ ብሎ ጫን አደረገው፤ የተኛ አውሬ ጎን እንደሚነካ ሰው። ጠበቀ። ከጎኑ ያለው ሙዝደሊፋም መዳፉን አስቀምጦ ጫን ሲያደርግ አየችው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም።

ግንባሯን ወደ ምድር ስታወርድ የገዛ እጇ ቀድሟት ሣሩ ላይ ነበር።